ነቅቷል፣ ተኝቷል፣ አይለይም

ኤርሳዶ እግሩ አያርፍም። ቆሞ ቢንቆራጠጥ ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን ተቀምጦም አያርፍም። ጠረጴዛ ሥር ጉልበቱ ይርገፈገፋል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ማኪያቶ ከስኒው ይፈሳል፣ ሰውየው "ኧረ በፈጠረህ!" ይላል። ኤርሳዶም "ይቅርታ" ብሎ ሌላኛውን እግሩን ይጀምራል። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ተከራይቷል። ገርጂ ነበር፣ ጎሮ ሄደ፣ ሰሚት ገባ፣ ጎሮ ተመለሰ፣ የካ አባዶን ሞከረ፤ አሁን አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ፍራሹን ከተገዛበት ላስቲክ ገና አላወጣውም። እናቱ ገንዘቤ ከሆሳዕና ስትደውል ጤናውን ከመጠየቋ በፊት "አሁን ደግሞ የት ነህ?" ትለዋለች።

ያንን እግር ግን አትናቁት፤ ወደ ላይ ያወጣው እሱ ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድ ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር ከከረመ በኋላ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አገኘ። ሥራው የኢንጂነር ሥራ አልነበረም። ኮምፒውተር ማየት የሚማረው መጀመሪያ ሰው አይቶ ሲነግረው ነው፤ ይሄ መኪና፣ ይሄ እግረኛ፣ ይሄ ውሻ እየተባለ፣ ሕፃን ልጅ እንደሚማረው። አርባ ወጣቶች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ቀኑን ሙሉ ፎቶ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ኤርሳዶን ይሄ ሰለቸው። ሌላው ምሳውን ሲበላ እሱ በስልኩ ፕሮግራም መጻፍ ይማር ጀመር፤ በስምንተኛው ወር የሥራውን ግማሽ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ጽፎ አለቆቹን ጉድ አሰኘ። ረዳት ኢንጂነር አሉት፣ ቀጥሎ ኢንጂነር። አሁን ደግሞ የፊታችን ሐሙስ የሚደረገው ስብሰባ በሰላም ካለፈ የቡድን መሪ ሊባል ነው። ሲቪው ላይ ለዚያ ማዕረግ የሚሆን ባዶ መስመር ከወዲሁ ትቷል።

ድርጅታቸው የሹፌር ካሜራ ይሠራል። ካሜራው ከመሪው ኋላ ይተከላል፤ ከሹፌሩ ፊት በቀር ምንም አያይም። ዓይን ከተከደነና አንገት ዝቅ ካለ "ተኝቷል" ብሎ ይጮኻል፣ የሁለት ሰከንድ ቪዲዮም ወደ ቢሮ ይልካል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦሎምፒያ የሆነ አንድ ትልቅ የምግብ ፋብሪካ ሠራተኛ በሚያመላልሱ አርባ አውቶቡሶቹ ላይ ለሙከራ አስተክሎት ነበር። በመጀመሪያው ወር ሹፌሮቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተኝተው ተገኙ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በሁለተኛው ወር ቁጥሩ ዘጠና ሆነ፣ በሦስተኛው ሃያ ሦስት። የኤርሳዶ አለቃ ሩሃማ ያንን ቁልቁል የሚወርድ መስመር በትልቁ አሳትማ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሐሙስ ዕለት ፋብሪካው ካሜራውን የጭነት መኪኖቹ ላይ ሁሉ ለማስተከል ይፈርማል ወይም ትቶት ይሄዳል፤ የሚያስፈርመው ያ መስመር ነው።

ሃያ ሦስቱ ግን ሩሃማን እንደ ጥርስ ሕመም ነዘነዟት። ሃያ አንዱ የአንድ ሰው ናቸው።

"መኩሪያ ይባላል፣ የአያት መስመር ሹፌር" አለችው ሰኞ ጠዋት፣ ወንበር እንኳ ሳትስብ። እሷም የምታርፍ ሰው አይደለችም፤ ልዩነታቸው እሷ ወዴት እንደምትሮጥ ማወቋ ነው። "ሁለቴ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፣ ሦስተኛው ስንብት ነው። የፋብሪካው የትራንስፖርት ኃላፊ አቶ ስብሓት ከስብሰባው በፊት ነገሩ እንዲያልቅላቸው ይፈልጋሉ። ማሽኑ አልተሳሳተም የምትል አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፍልኝ፣ እስከ ረቡዕ።"

"ካሜራው ተጣሞ ተተክሎ ቢሆንስ?"

"ሄደህ አቃናውና ጻፋ።"

ሃያ አንዱን ቪዲዮ ደርድሮ አያቸው። ከሲታ ፊት፣ ሽበት የጣለበት ጺም። ዓይን ይከደናል፣ አንገት ይወርዳል፣ ይነሣል። ሁሉም የተቀረጹት ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው፣ ሁሉም ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ኤርሳዶ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው ይሆናል አለ፤ ካርታውን ሲያይ ግን አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። እናንተ ገና ድሮ ገብቷችኋል፣ አውቃለሁ። እሱ ግን የጴንጤ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በታክሲ ባለፈ ቁጥር ሳይሳለም ስልኩን እያየ የሚያልፍ። ደግሞም አንድ ሊያስታውሰው የማይፈልገው ነገር ነበረው።

ማክሰኞ ጠዋት አያት ላይ ተሳፈረ። ሹፌሩ ሱፍ ኮፍያ ያደረጉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ለሚገባው ሁሉ "እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ" ይላሉ፣ ለኤርሳዶም አሉት። ከኋላቸው ባለው ወንበር ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሰውየው ሲነዱ ዓይናቸው አንዴ መንገዱ፣ አንዴ መስታወቱ ላይ ነው፤ እንቅልፍ በአጠገባቸውም አላለፈም። ኤርሳዶ "ታዲያ?" እያለ ጉልበቱን ያርገፈግፋል።

ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለው ፌርማታ ደረሱ። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሠራተኞች መግባት ጀመሩ። ሹፌሩ ፍሬን ረግጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ደፉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ በቀኝ እጃቸው አማተቡ። ካሜራው ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለ።

"ነቃ በል ይልሃል ደግሞ፣ አያፍርም!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ የተሳፈረው ሁሉ ሳቀ።

ኤርሳዶ ዞር አለ። የአውቶቡሱ ግማሽ አንገቱን ደፍቶ እያማተበ ነው። ነጠላዋን ሳብ ያደረገች አለች፣ ቦርሳውን ታቅፎ ያጎነበሰ አለ። ካሜራው ወደ ተሳፋሪዎቹ ቢዞር ኖሮ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ተኝቷል ይል ነበር። ቀና ብለው ከሚያዩት ውስጥ አንዱ ኤርሳዶ ነው፣ ላፕቶፑን ታቅፎ። ያ ሊያስታውሰው የማይፈልገው ነገር መጣበት።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሐሴት የምትባል ልጅ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። በዚሁ ከተማ ሹፌሮች ላይ የተቀረጹ ቪዲዮዎች እየመጡላቸው ማሽኑን ያስተምራሉ። ሦስት ቁልፍ አለ፤ ነቅቷል፣ ተኝቷል፣ አይለይም። አይለይም የሚለውን ያበዛ ሰው ነጥቡ ይቀንሳል። አንድ ቀን ሐሴት የእሱን ስክሪን በጣቷ ነካ አድርጋ "ይሄ ሰውዬ መች ተኛ? እየተሳለመ ነው፤ ከንፈሩን እየው" አለችው። አየ። እውነቷን እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶታል። "መሳለም የሚል ቁልፍ የለማ! ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ማጎንበስ ምን ይባላል?" ብሎ ሳቀና ተኝቷል የሚለውን ተጫነ። የሚቀጥለውንም፣ የዚያን ቀጣይም። በሰዓት ሦስት መቶ ይጫን ነበር፤ ከፎቁ አንደኛ። ሐሴት አይለይም፣ አይለይም እያለች ነጥቧ ወረደና በወሩ መጨረሻ ተሰናበተች። እሱ ተሾመ። ማሽኑ ያደገው በእሱ ዓይን ነው።

ኦሎምፒያ ደርሰው ሰው ሁሉ ሲወርድ ኤርሳዶ ቀረ።

"ጋሼ፣ እኔ ከካሜራው ድርጅት ነኝ።"

መኩሪያ ኮፍያቸውን አስተካክለው አዩት። "ተኝተሃል ያልከኝ አንተ ነህ?"

"እኔ ሳልሆን ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑንስ ማን ነገረው?"

ኤርሳዶ ጉልበቱ መርገፍገፍ ጀመረ። እኔ ነኝ ማለት ነበረበት፤ አፉ ድረስ መጣና ተመለሰ። "ሌሎቹ ሹፌሮች እንዴት አድርገው ነው...?" ብሎ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ።

"መሳለሙን ተዉታ! ምን ያድርጉ፣ ልጆች አሏቸው። ቀና ብለው ያልፋሉ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ስነዳ አንድ ሰው አልገጨሁም። ጠዋት እሷን ሳልሳለም መንገድ ገብቼ አላውቅም። መኪናዋ ቆማ፣ እግሬ ፍሬን ላይ ሆኖ ነው እኮ የምሳለመው። ይሄን አያይም ይሄ ዓይናችሁ?"

አያይም። የመኪናው ፍጥነት ሌላ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው የሚመዘገበው፤ ሁለቱን ማገናኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ ማንም አላገናኘውም።

"ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው የቀረኝ" አሉ መኩሪያ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "የሻሽወርቅ፣ ባለቤቴ፣ የደብዳቤውን ነገር አልሰማችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ በእንቅልፋምነት ተባረርኩ ልበላት?"

የኤርሳዶ ሆድ ባባ። ሆዱ ሲባባ ደግሞ ይቸኩላል። "ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እስከ ሐሙስ ብቻ አያጎንብሱ። ሁለት ቀን ነው። ሐሙስ ካለፈ እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

ሰውየው ቀና ብለው ካሜራውን አዩት። "እስከ ሐሙስ?"

"እስከ ሐሙስ።"

"እሺ ልጄ" አሉ፣ ሳያዩት።

ኤርሳዶ እየፈጠነ ወጣ። ሰውየውም ይተርፋሉ፣ መስመሩም ያምራል፣ እሱም መሪ ይሆናል። ቢሮ ደርሶ "ካሜራው ተስተካክሏል፤ ሹፌሩ ከነገ ጀምሮ ክትትል ይደረግበታል" የምትል ሪፖርት በአንድ ትንፋሽ ጻፈ። ሊልካት ግን አልቻለም፤ ላክ የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን ሦስት ጊዜ ውኃ ሊጠጣ ተነሣ።

ረቡዕ ጠዋት የአያቱን አውቶቡስ ካሜራ በቀጥታ ከፈተ። አንድ ሰዓት ከሃያ። አውቶቡሱ ቆመ። መኩሪያ ኮፍያቸውን አላወለቁም። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንገታቸውን እንደ ወታደር አቀኑ። ዓይናቸውን አፍጥጠዋል፤ እንዳያርገበግቡት ፈርተው ነው የሚመስለው። ከንፈራቸው ተጣብቋል። ከዚያ ያ የፈጠጠ ዓይን ውኃ ሞላ፤ ሳይጨፍኑት ሞልቶ ፈሰሰ። ሥዕሉ ጥግ ላይ በአረንጓዴ ተጻፈ፦ ነቅቷል፣ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ።

የኤርሳዶ እግር ቀጥ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ስኒው መንቀጥቀጥ ሲያቆም ግራ ገብቶት ቀና አለ።

አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሪፖርቱን ደመሰሰና ሁለቱን ሰንጠረዦች አገናኘ። የመጀመሪያው ወር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቪዲዮ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አየ፤ ምሳም አልወጣም። መኪና ቆሞ፣ ካርታው ላይ ደጀ ሰላም ፊት ለፊት፣ ከንፈር የሚንቀሳቀስ። በእውነት ያንቀላፉት ዘጠኝ ነበሩ።

ሩሃማ ሰምታው ስታበቃ በሩን ዘጋች። "ትክክል ነህ። ከስብሰባው በኋላ እናስተካክለዋለን።"

"መስመሩ ውሸት ነው ሩሃማ። የቀነሰው እንቅልፍ አይደለም።"

"እኔም አልሳለምም፣ አንተም አትሳለምም። ይሄ የእኛ ጠብ ነው? ታች አርባ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ነገ ካልተፈረመ የት ይገባሉ?" ድምፅዋ ተሰበረ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። "ሐሙስን ብቻ አሳልፈኝ።"

እሱም መኩሪያን በዚያው ቃል ነበር የለመናቸው። እሺም እምቢም ሳይላት ወጣ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦሎምፒያ፣ ሰፊው የስብሰባ አዳራሽ። አቶ ስብሓት ከአራት ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ መስመሩ ግድግዳው ላይ በርቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ሹፌር ሆኖ ካሜራው ፊት የሚቀመጠው ሁልጊዜ ኤርሳዶ ነው። ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የተኛ አስመስሎ አንገቱን ይደፋል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ተቀመጠ። ሩሃማ በዓይኗ ለመነችው።

ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ደፋ። እናቱ ገንዘቤ ምግብ ሲቀርብ እንዳስተማረችው "ጌታ ሆይ" ብሎ ጀመረ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። ድፍረት ለመነ፤ ስለ ሐሴትም፣ ስለ ሽማግሌውም ይቅርታ ጠየቀ። ማሽኑ ጮኸ፣ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ተኝቷል አለ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሱ አሜን እስኪል አልተነሣም።

"አልተኛሁም" አለ ቀና ብሎ። "እየጸለይኩ ነበር።"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላ የተከተለው ስላልነበረ ተወው። ኤርሳዶ የረቡዕን ቪዲዮ ከፈተ። የፈጠጠው ዓይን ግድግዳውን ሞላ፤ እንባው ሲወርድ፣ አረንጓዴው ጽሑፍ ሲበራ።

"እኚህን ደግሞ ነቅተዋል ይላል። አቶ መኩሪያ ናቸው፣ ልታሰናብቷቸው የነበሩት። ሳሊተ ምሕረት ደጅ ላይ መኪና አቁመው ይሳለማሉ እንጂ ተኝተው አያውቁም። ሌሎቹም እንደዚያው። ደብዳቤ ሲደርሳቸው ፈርተው ቀና ብለው ማለፍ ጀመሩ፤ መስመሩን ያወረደው እሱ ነው። ማሽኑን ተኝቷል ብሎ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ ጣቴ። እያወቅኩ ነው ያስተማርኩት። ማክሰኞ ደግሞ አይሳለሙ ብዬ የለመንኳቸውም እኔው ነኝ።"

አቶ ስብሓት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ሥር ያለው ፊርማ የእሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የኡራኤልን በር ሳይሳለሙ አያልፉም፤ ሹፌራቸው ያውቃል። "አጥፉልኝ ይሄን ሥዕል" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሻክሮ።

ምንም አልተፈረመም። ደብዳቤዎቹ ተሳቡ፣ ካሜራዎቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ጠፍተው ይቆዩ ተባለ። ሩሃማ ለሦስት ቀን ኤርሳዶን አላናገረችውም፤ በአራተኛው ቀን ቡድኑን ሌላ ሰው እንደሚመራ ነገረችውና ወደ ሦስተኛው ፎቅ ላከችው። ማሽኑ የተማረበትን አሥራ አንድ ሺህ ቪዲዮ እንደገና ምልክት ሊያደርግ፣ ያው የድሮው ወንበር ላይ፣ መሳለም የሚል አራተኛ ቁልፍ ተጨምሮለት። ሐሴትን ስልኳን አፈላልጎ ደወለላት። "አሁን ነው የገባህ?" አለችውና ዘጋችው። አልፈረደባትም።

በሳምንቱ ማክሰኞ አያት ላይ የመኩሪያን አውቶቡስ ጠብቆ ገባ። ታክሲ መያዝ ይችል ነበር፤ እግሩ ወደዚያ ወሰደው።

"ና ልጄ፣ ከፊት ተቀመጥ" አሉት። ቂም የያዙ አይመስሉም። ካሜራው በቦታው አለ፣ መብራቱ ጠፍቷል።

ሳሊተ ምሕረት ደጅ ቆሙ። ሰው መግባት ጀመረ። መኩሪያ እጃቸውን ወደ ኮፍያቸው ሰደዱና መሀል ላይ አቆሙት። ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ካሜራው ሄደ። የሞተውን መብራት አዩት፣ ቆይተው አዩት፣ የሚጮኽ እንደሆን ጠበቁት። ከዚያ ነው ኮፍያቸውን አውልቀው ቶሎ ጎንበስ፣ ቶሎ ቀና ያሉት፣ የሰረቀ ሰው ይመስል።

ኤርሳዶ አየ። ማየት ሥራው አይደል?

"ጋሼ፣ ካቻቪቴ አለዎት?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ይስጡኝ ብቻ።"

ከወንበራቸው ሥር አውጥተው ሰጡት። ኤርሳዶ ዳሽቦርዱ ላይ ተደፍቶ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። አራት ናቸው፣ ራሱ ነበር አጥብቃችሁ እሰሩ ያለው። ካሜራው የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ነገ ሩሃማ ምን እንደምትለው ያውቃል። ከኋላ "ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ፣ ረፈደብን!" የሚል ድምፅ መጣ። አራተኛው ብሎን ሲወጣ ካሜራው እጁ ላይ ወደቀ፤ ኪሱ ከተተው። ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ብቻ ቀረ።

መኩሪያ ክቡን ቦታ በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁ።

"የቅድሙ አይቆጠርም" አሉ።

አንገታቸውን ደፉ። ብዙ ቆዩ፤ ከኋላም ረፈደ ያለ ሰው አልነበረም።